ግራ እጄና ቀበሌያችን

ጥር 14

ሱቅ ከፈትሁ። ስኳር አልመጣም። ሳሙናም አልመጣም። ጨው ግን ሞልቷል። ሰው ሁሉ ጨው ብቻ እንዳለ እያወቀ ይገባና "ስኳር የለም?" ይላል። የለም ስለው በቀሚሴ ሥር የደበቅሁት ይመስል ከላይ እስከ ታች ያየኛል።

በቀሚሴ ሥር የተደበቀ ነገርስ አለ… ስኳር ግን አይደለም።

የበላሁት፦ ጎመን። ሽሮ፣ ቅቤ የሌለው። አንድ ብርቱካን።

የግራ እጄ ከፍታ፦ ከትከሻዬ በታች ሁለት ጣት።

ይህን ደብተር ጻፊ ያለችኝ አዲስ አበባ ያስታመመችኝ ፈረንጅ ነርስ ናት። የምትበይውንና እጅሽ የሚደርስበትን ጻፊ ነው ያለችኝ። ስለ ሰው ጻፊ አላለችም። ግን እጄ ብቻውን አይኖር… የሚኖረው ቡሬ ነው፣ ቀበሌ ውስጥ።

ኅዳር ላይ ነው ግራ ጡቴን ቆርጠው ያወጡት። ነቀርሳ ነው አሉ። ለአገሩ ሰው የነገርነው ግን እህቴ ወልዳ አራስ ልጠብቅ ሄድሁ ብለን ነው። እህቴ የመጨረሻዋን ከወለደች ዐሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ሰዉ "ሕፃኑ ማን ተባለ?" እያለ ሲያስጨንቀኝ ባሌ ላቀው ከስፌት መኪናው ቀና ሳይል "አብዮት" አለ። ከዚያ ወዲህ ስለ ሕፃኑ የጠየቀን የለም።

ለምን ደበቅነው? ነቀርሳ ሲባል ሰው ሦስቴ ይተፋል። ነቀርሳ ከያዛት ሴት እጅ ስኳር የሚቀበል የለም፤ የምይዘው የቀበሌው ኅብረት ሱቅም በማግስቱ ለሌላ ይሰጣል። ሱቁ ደግሞ እንጀራዬ ነው።

ጥር 16

ላቀው ጡት ሰፋልኝ። ጥጥ ፈልጎ አጣ። ለሚሊሺያ ዩኒፎርም ሲሰፋ የተረፈውን የካኪ ቁርጥራጭ ጠቅጥቆ፣ በአቡጀዴ ሸፍኖ፣ ዙሪያውን ዘምዝሞ ሰጠኝ። ቀኙ የእግዜር፣ ግራው የሚሊሺያ። ይከብዳል። ፀሐይ ሲበረታ ያሳክካል።

"ቀጥ ብሎ ይቆማል" አለኝ ሥራውን እያደነቀ።

መቆሙንስ ይቆማል… ዘብ የወጣ ነው የሚመስል።

ጥር 18

እሑድ። ስብሰባ። ልክ ቅዳሴ ሲገባ ነው የሚጠሩን። ሊቀመንበራችን ጓድ የሽዋስ የቅዳሴውን ሰዓት አሳምሮ ያውቀዋል፤ ድሮ ዲያቆን ነበር። ድምፁ እስካሁን ያምራል። "ግራ እጃችንን ከፍ!" ሲል ዜማ አለው።

ሁሉም ግራ እጁን ጨብጦ አነሣ። የእኔ ክርን ከጎኔ አልላቀቅም አለ። ከብብቴ ሥር የሆነ ነገር ወጥሮ ይዞታል። ምን ላድርግ? ቀኜን አነሣሁ። አጠገቤ የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበሯ ቻይነሽ ነበረች። እጄን አየች። ፊቴን አየች። ደግሞ እጄን።

ቻይነሽ ሱቁን ከድሮም ትፈልገዋለች።

ጥር 19

ቀበሌ ተጠራሁ።

"ጓድ ዙፋን፣ ቀኝ እጅሽን ያነሣሽው ለማን ነው?"

"ከአውቶቡስ ስወርድ ወድቄ ግራ ትከሻዬን ተመትቼ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።"

"ወጌሻ እንላክልሽ።"

ወጌሻ ሊያሸኝ ከመጣ ቀሚሴን ማውለቄ ነው… "ተሽሎኛል" አልሁ።

"ከተሻለሽ እሰየው። አንሽዋ።"

ክርኔ ከጎኔ ሳይላቀቅ ቀረ። እሱ ጻፈ። ሲጽፍ ምላሱ ይወጣል። እስከ ግንቦት ስብሰባ ቀን ሰጠኝ። ያን ዕለት ለሂስና ግለ ሂስ እቀርባለሁ። ግራ እጄ በቆራጥነት ከተነሣ ሱቁ የእኔ ነው፤ ካልተነሣ ቁልፉን አስረክባለሁ።

ነርሷ በርትተሽ ከሠራሽ በስድስት ወር ይነሣልሻል ብላኝ ነበር። ጓድ የሽዋስ አራት እንኳ አልሞላልኝም።

ጥር 21

ነርሷ ያሳየችኝን ስፖርት ቤቴ መሥራት አልቻልሁም። በፊት ለፊት የላቀው ደንበኞች፣ በጓሮ አጥር የማይበቃው ጎረቤት። ስለዚህ እማሆይ ወለተ ሐና ቤት ገባሁ። ቤታቸው ከቤታችን ግድግዳ ለግድግዳ ነው። ባላቸው ሲሞቱ የመነኮሱ ሴት ናቸው፣ አገው። ሲናደዱ በአገውኛ ነው የሚናገሩ፤ ምን ማለት ነው ብዬ ጠይቄ አላውቅም፣ ባልጠይቅ ይሻላል። ከላቀው ሌላ ምስጢሬን የሚያውቁ እሳቸው ብቻ ናቸው። ቁስሌን በሞቀ ውኃ ያጠቡልኝ እሳቸው ናቸው።

ስፖርቱ ቀላል ነው። ፊትን ወደ ግድግዳ አዙሮ መቆም። ጣትን እንደ ጉንዳን በግድግዳው ላይ ማስወጣት። እጅ የደረሰበት ላይ በከሰል ማስመር። ዐሥር ጊዜ ጠዋት፣ ዐሥር በቀትር፣ ዐሥር ሲመሽ።

"ዐሥር?" አሉ እማሆይ። "ዐሥር ደግሞ የምን ቁጥር ነው? አርባ አንድ አድርጊው ልጀ። ኪርያላይሶኑ አርባ አንድ፣ ስግደቱ አርባ አንድ። እኔ ስድሳ ስምንት ዓመቴ ነው። አርባ አንዷን ሳልሰግድ ውኃ አልቀዳም። ወገቤን ሲያመኝ አይተሽ ታውቂያለሽ?"

አላውቅም። እውነታቸውን ነው። ነርሷማ ፈረንጅ ናት፣ ስለ አርባ አንድ ምን ታውቃለች?

አርባ አንድ ሠራሁ። ከሰሉ ትከሻዬ ልክ ደረሰ። እማሆይ "አላልሁሽም?" አሉ።

ጥር 27

እጄ አበጠ። ከክርኔ እስከ ጣቴ ዳቦ ሆነ። ቀለበቴ አልወጣ ብሎ በሳሙና… ሳሙና የለም፤ በኑግ ዘይት አወጣነው።

አርባ አንድ በጠዋት፣ አርባ አንድ በቀትር፣ አርባ አንድ በሠርክ። ስድስት ቀን ሙሉ። ከሥሩ ቆርጠው የሰፉትን ክንድ ለስግደት አሰለፍሁት። እማሆይ አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል። ለእሳቸውም አዘንሁ፣ ለራሴም።

ነገ ፍኖተ ሰላም እንሄዳለን።

ጥር 28

ሐኪሙ ወጣት ነው። ክንዴን አገላብጦ "ስንት ጊዜ ሠራሽ?" አለ። ነገርሁት።

"ማነው አርባ አንድ ያለሽ?"

"እማሆይ።"

"እማሆይ የት ነው የተማሩት?"

"ገዳም።"

ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ክንዱ ጨርሶ ካልተሳበ ይደርቃል፣ ከልኩ በላይ ከተሳበ ያብጣል አለ። ዐሥር ከተባለ ዐሥር ነው። ዐሥር ቀን ትራስ ላይ ከፍ አድርገሽ አሳርፊው፣ ከዚያ እንደ አዲስ ጀምሪ… ዐሥር ቀኔ ተበላ። ግንቦት ግን ወደፊት አይገፋ።

ከዚያ ሐኪሙ ዞሮ ላቀውን አየው። ላቀው ግንባሩን እየጠረገ ያለከልካል። ያለከለከው በሩ ላይ ያሉትን ስድስት ደረጃዎች ወጥቶ ነው።

"እርስዎስ?"

"እኔ አስታማሚ ነኝ።"

የደም ግፊቱን ለካው። እንደገና ለካው። "ከሁለታችሁ የምሰጋው ለአስታማሚው ልብ ነው" አለኝ። ቅቤና ጨው ይቀንስ፣ ጠላና አረቄ ይተው፣ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት በእግሩ ይሂድ።

"እኔ ቀኑን ሙሉ በእግሬ ነው የምሠራ፣ ዶክተር። ልብስ ሰፊ ነኝ።"

"መኪናውን ሲረግጡ ከወንበሩ ይነሣሉ?"

ላቀው እግሮቹን አየ።

ለሁለታችን አንድ ወረቀት ጻፈልን፤ ጎመን፣ ጥራጥሬ፣ ፍራፍሬ፣ እግር። ስንወጣ ላቀው "ጎመን በጤና የሚሉት የምራቸውን ነው እንዴ?" አለ።

የካቲት 5

ስኳር መጣ። ላይኛው መደርደሪያ ላይ እጄ ስለማይደርስ ዕቃውን ሁሉ ታች ደርድሬዋለሁ። ጓድ የሽዋስ ገብቶ አየ።

"ምነው ሁሉም መሬት ወረደ?"

"ለሰፊው ሕዝብ እንዲቀርብ ብዬ ነው።"

በጣም ደስ አለው። ለሌሎቹ ቀበሌዎች ምሳሌ ነው ብሎ ጻፈ። አሁን በሦስት ቀበሌ ያሉ የሱቅ ሴቶች ወገባቸውን ይዘው እየረገሙኝ ይሆናል።

የካቲት 14

ዐሥር፣ ዐሥር፣ ዐሥር። እብጠቱ ጎድሏል። ከሰሉ ትከሻ ልክ።

ወደ ፈታም ወንዝ በሚወስደው መንገድ በጠዋት መሄድ ጀመርን፣ እኔና ላቀው። በዚህ አገር ባዶ እጁን በእግሩ የሚሄድ ሰው የለም። ወይ ጭነት አለው፣ ወይ ለቅሶ አለው። ያየን ሁሉ "ወዴት ነው?" ይለናል። "እዚሁ።" "እዚሁ የት?" በሦስተኛው ቀን ላቀው ሰለቸውና "አህያ ጠፍታብን ነው" አለ።

በማግስቱ አራት ሰው አብሮን ፈለገ። ዛሬ አንዱ አግኝቻታለሁ ብሎ አንዲት ግራጫ አህያ እየነዳ አመጣልን። የማን እንደሆነች አናውቅ። "አይ፣ የእኛዋ ጥቁር ናት" አለ ላቀው።

ነገም ፍለጋ እንወጣለን።

መጋቢት 1

ዐቢይ ጾም ገባ። ቡሬ በሙሉ በእኔ ሐኪም ትእዛዝ ገባች። ምስር፣ ሽንብራ፣ ጎመን፣ ተልባ። ላቀው "ሐኪሙ ሃምሳ አምስት ቀን ብቻ ቢለኝ ኖሮ እግሩን በሳምሁት" ይላል።

ግን አንድ ነገር ይገርመኛል። የዓመቱን እኩሌታ እንጾማለን። ታዲያ ይኼ ሁሉ የሚያለከልክ ሰው ከየት መጣ? እማሆይን ጠየቅኋቸው።

"ሲፈስክ የምትውጡትን ያውቃል ሆዳችሁ" አሉ። "በጾሙም ቢሆን ጠላው መች ተጾመ?"

ከሰሉ፦ ከትከሻ በላይ አራት ጣት።

መጋቢት 16

የቀበሌ ሰዎች እማሆይ ቤት መጡ። ጓድ የሽዋስ ራሱ። ግድግዳውን በእርምጃ ለኩ። የኪነት ቡድኑ ከበሮ ማስቀመጫና መለማመጃ ቤት ይፈልጋል አሉ። እማሆይን ወደ ገጠር፣ የወንድማቸው ልጅ ዘንድ፣ አዲሱ የመንደር ምሥረታ ላይ ሊሰዷቸው ነው።

ጓድ የሽዋስ የከሰሉን መስመሮች አየ። ከመስመሩ አጠገብ ቀን ጽፌበታለሁ።

"ይኼ ምንድን ነው? ማነው የሚቆጥረው? ምኑን?"

"የጾም ቀን ነው፣ ልጀ" አሉ እማሆይ። "ረስተኸው እንዳይሆን ብየ ላንተም ጭምር ነው የቆጠርሁልህ።"

ድሮ ዲያቆን አልነበር? ጆሮው ቀላ። ወጣ። ቤቱ ግን አጀንዳ ሆኖ ተያዘ፤ ግንቦት ላይ፣ በእኔው ስብሰባ።

ሚያዝያ 7

ዛሬ ከሰል አላሰመርሁም። 

ቻይነሽ ለማኅበሩ ጨው ልትወስድ መጣች። ከረጢቱን ልጎትት ሳጎነብስ ሚሊሺያው ጡቴ ከደረቴ ሾልኮ ሚዛኑ ላይ ዱብ አለ። ቻይነሽ አነሣችው። ስፌቱ ላላ ብሎ ካኪው ታየ።

"ይኼ የመንግሥት ጨርቅ አይደል እንዴ እትየ ዙፋን? ጋሽ ላቀው የሚሊሺያ ካኪ ይሰርቃሉ ማለት ነው?"

የመንግሥት ንብረት መስረቅ… ላቀውን ያስሩታል። በዚያ ልቡ እስር ቤት ስንት ቀን ይቆያል? ሌላ ነገር ልፈጥር አሰብሁ፤ ተውሁት። በሩን ዘጋሁና ከጆንያው ጀርባ ወስጃት ቀሚሴን ከፈትሁ። አሳየኋት።

ጠባሳውን ከብብቴ እስከ መሃል ደረቴ ተከትላ አየችው።  ይኼኔ ሦስቴ ትተፋለች ብዬ ጠበቅሁ። አልተፋችም።

"ሲጀምርሽ ያምሽ ነበር?" አለች።

"አያምም። የሚያታልለው እሱ ነው። እንደ ሽንብራ ፍሬ ነው። ስድስት ወር ዝም አልሁት፣ ካላመመኝ ምን አገባኝ ብዬ።"

ጨውዋን ሳትወስድ ሄደች። ሚሊሺያውንም ይዛው ሄደች… መረጃ ልታደርገው ነው? ለላቀው አልነገርሁትም።

ሚያዝያ 9

ቻይነሽ ጠዋት መጣች። ሚሊሺያውን በጋዜጣ ጠቅልላ አመጣችልኝ። ዳር ዳሩን እንደገና ሰፍታ፣ ከውስጥ ልብሴ ጋር የሚያያዝበት ሁለት ቁልፍ ተክላበታለች።   ጨውዋን ወሰደች።

ማታ ላቀው ስፌቱን አይቶ "የማን እጅ ነው?" ብሎ ተቆጣ። የሙያ ቅናት።

ከሰሉ፦ ጆሮዬ ልክ።

ሚያዝያ 26

ፋሲካ። ላቀው ሃምሳ አምስት ቀን ታግሦ በአንድ ቀን ካሣውን ወሰደ። ዶሮው፣ የበጉ ጮማ፣ ቅቤ የነጠረበት ቋንጣ፣ ጠላ በጣሳ። "ተው" አልሁት። "ክርስቶስ ተነሥቷል" አለኝ።

ከቀትር በኋላ ደረቱን ይዞ ግድግዳውን ተደገፈ። ፊቱ አመድ ሆነ። ላብ አጠመቀው። ግራ ክንዴን እያለ… የእሱም ግራ ክንድ። እማሆይ ቀሚሳቸውን ሰብስበው እየሮጡ ክሊኒክ ሄዱ፣ በስድሳ ስምንት ዓመታቸው፣ ጤና ረዳቱን ከድግስ ላይ ጎትተው አመጡት።

ፈራሁ። ኅዳር ላይ ቢላዋው ሥር ስተኛ እንዲህ አልፈራሁም። እኔ ብሞት እሱ ቁጭ ብሎ ሲሰፋ ነበር የሚታየኝ። እሱ ሲሞት ግን ምንም አልታየኝም።

አልሞተም። ጤና ረዳቱ "ማስጠንቀቂያ ነው" አለ። ላቀው ተኝቶ "አህያዋን ነገ እንፈልጋት" አለኝ። ወደ ግድግዳው ዞሬ አለቀስሁ።

ግንቦት 1

ቀስ እያልን እንሄዳለን። ሰው አሁን አይጠይቀንም። አህያዋን የበላት ጅብ እንደሆነ ወስነውልናል።

እማሆይ በበዓለ ሃምሳ አይሰገድም ብለው ስግደታቸውን አቁመዋል። ወገባቸውን አመማቸው። "እንግዲያ ስፖርት ይሥሩ" አልኋቸው። በሩን ዝጊ ብለው ከእኔ ጋር ግድግዳውን ጀመሩ። ዐሥር።

ግንቦት 3

ጓድ የሽዋስ ሱቅ መጣ። በፈገግታ።

"ትከሻሽን ተሽሎሻል ሲሉ ሰማሁ። እንግዲህ የሚመጣው እሑድ መፈክሩ ላይ ካነሣሽ ያንች ጉዳይ አለቀ። ከዚያ የእማሆይ ቤት ይቀርባል። አንች ነሽ የቅርብ ጎረቤት፤ ለድጋፉ እጅሽን ቀድመሽ አንሽ። ካንች በኋላ ማንም አይፈራም።"

ለካስ እጄን እንዲህ የሚጠብቀው ለዚህ ነው።

ለእማሆይ ነገርኋቸው። ዓይናቸውን ከመቁጠሪያቸው ሳይነቅሉ "አንሽ ልጀ። ለፍተሽበታል። ቤት ምን አላት፣ ሁሉ አላፊ" አሉ። ከዚያ መቁጠሪያቸው ወደቀ፤ አነሡት፤ ደግሞ ወደቀ።

ተናደድሁ። በየሽዋስ አይደለም፣ በእሳቸው። ምናለ በአገውኛ እንኳ ቢሰድቡኝ?

ግንቦት 9

ከሰሉ፦ ከራሴ በላይ። ክንዴ ጆሮዬን ነካ። ሌላ ቀን ቢሆን እልል እል ነበር።

ሱቁ ወይስ… ጨው የሚሸጥ እጅ ምን ይመርጣል? ላቀውን ጠየቅሁት። "እኔ የሚሊሺያ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ እኔን አትጠይቂኝ" አለ።

ግንቦት 10

ስብሰባው አዳራሹን ሞልቶ ነበር። ከፍኖተ ሰላም አንድ ካድሬ መጥቷል፣ መነጽር ያደረገ፣ ሁሉን የሚጽፍ።

"ግራ እጃችንን ከፍ!" አለ ጓድ የሽዋስ በዜማው። አነሣሁት። ጨብጬ፣ ቀጥ አድርጌ፣ እስከ ጆሮዬ። ጭብጨባ ሆነ። ጓድ ዙፋን ድክመቷን በትግል አሸነፈች ተባለ። ሱቁ ጸናልኝ። ይኼ ሁሉ ሁለት ደቂቃ አልፈጀም።

ከዚያ የእማሆይ ቤት። እማሆይ ከኋላ መሬት ላይ ተቀምጠዋል።

"የሚደግፍ?" አለና ወደ እኔ አየ።

እጄ ጭኔ ላይ ነው። ጠበቀ። ሌላው ሰው እኔን ያያል። አንድ ሁለት ሚሊሺያ አነሣ። ከዚያ እየተጎተተ ግማሹ አነሣ። ጓድ የሽዋስ ቆጥሮ ጻፈ፤ ቀጥሎ ለወጉ ያህል "የሚቃወም?" አለና መልስ ሳይጠብቅ "የለም" ብሎ መጻፍ ጀመረ።

አነሣሁ። ግራውን። ቀስ ብሎ ወጣ፣ ግድግዳው ላይ እንደሚወጣው።  ጆሮዬን ሲነካ አቆምሁት።

"ጓድ ዙፋን፣ መፈክሩ አልቋል።"

"አውቃለሁ።"

ካድሬው ከወረቀቱ ቀና አለ። "ምንድን ነው?" አለ። ጓድ የሽዋስ ላብ ጀመረው። እንግዳ ባለበት፣ በእሱ ቀበሌ፣ ተቃውሞ… እንዴት ይመዘገባል?

"ስፖርት ነው፣ ጓድ" አለ። "ትከሻዋን ታማ ነበር። ስፖርቷን እየሠራች ነው።"

ሰዉ ሳቀ። እኔም ብስቅና እጄን ባወርድ ሁሉም ያልቅ ነበር፣ ሱቁም ይተርፍልኝ ነበር። አላወረድሁትም።

አጠገቤ ወንበር ተንቋቋ። ቻይነሽ ተነሣች። "እኔም ስፖርት ጀምሬያለሁ" አለችና ግራ እጇን ሰቀለች። ከኋላዋ አንዲት ባልቴት፣ "እኔንም ወገቤን ያመኛል።" ከዚያ ሌላ። ከዚያ ሌላ። የሴቶች ማኅበር በሙሉ ስፖርት ላይ ሆነ። ሃያ ሰባት እጅ ቆጠርሁ። ላቀው ጫማውን ያይ ነበር።

ካድሬው መነጽሩን አስተካከለ። "ግሩም ጅምር ነው። በሌላ ቀበሌ አላየሁም። የት ነው የሚሠሩት?"

ጓድ የሽዋስ መዝገቡን ማገላበጥ ጀመረ።

"እማሆይ ቤት" አለች ቻይነሽ።

"እንግዲያ ቤቱ ለዚሁ ይሁን፤ ከበሮ የትም ይቀመጣል" አለ ካድሬው፣ ጻፈም። ጓድ የሽዋስም ጻፈ። ምላሱ ወጥቶ ነበር።

እማሆይ አንዲት ቃል በአገውኛ አሉ። ዛሬ ግን ስድብ አልመሰለኝም።

ግንቦት 11

ደብዳቤ መጣልኝ። የሴቶች ስፖርት ኃላፊ ስለሆንሁ ሥራ እንዳይደራረብብኝ ሱቁን እንዳስረክብ። ለጤናዬ ታስቦ ነው። ተረካቢ፦ ቻይነሽ።

አስረከብሁ። ጨው፣ ሚዛን፣ ቁልፍ። ቻይነሽ ስትፈርም አላየችኝም። "እኔ አልጠየቅሁም" አለች። "አውቃለሁ" አልኋት። አውቃለሁ ግን አንጀቴ አረረ። ሃያ ሰባት እጅ እንጀራ አይሆን።

ላቀው ማታ "እኔም ማንሣት ነበረብኝ" አለ። "አዎ ነበረብህ" አልሁት። 

ግንቦት 20

እማሆይ በር ላይ ሰሌዳ ተመታ፦ የቀበሌው ሴቶች ስፖርት ማዘውተሪያ። እማሆይ በየዕለቱ ከሥሩ እያለፉ ያማትባሉ።

ሴቶቹ የምር መጡ። ለይስሙላ ነበር የመሰለኝ። የማርገጃ ከበሮ የለም፣ መፈክር የለም። ግድግዳ ብቻ። እማሆይ ይቆጥራሉ፤ ዐሥር ላይ ያቆማሉ፣ ሲያቆሙ ቅር ይላቸዋል። ስንጨርስ ወደ ፈታም እንሄዳለን። ሐኪሙ ስለ ቅቤና ስለ ጨው ያለኝን እነግራቸዋለሁ። እየሰሙ ይስቁብኛል።

ግንቦት 26

ዛሬ ቻይነሽ ሌሎቹ ከወጡ በኋላ ቀረች። ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። የሱቁ ቁልፍ አንገቷ ላይ ነው።

"ትላንት ስለ ጡትሽ ለሁላችንም የነገርሽን… " አለች። አዎ፣ ትላንት ነገርኋቸው። ሁለት ተፉ። ሌሎቹ ወደ ደረቴ እንዳያዩ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ። ከዚያ ወደ ፈታም አብረን ሄድን፣ ሁለቱም ጭምር።

 ቻይነሽ ግራ እጄን ያዘችና በቀሚሷ ውስጥ አስገብታ ከጡቷ ሥር አስቀመጠችው።

"ይኼ ምንድን ነው?"

ጣቶቼ ቀስ ብለው ሄዱ። አገኙት። እንደ ሽንብራ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ከጥር። ስለማያመኝ…"

ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነው። እጄን ላወጣ አልቻልሁም።  ነገ በመጀመሪያው አውቶቡስ ፍኖተ ሰላም እንሄዳለን አልኋት። ሱቁስ አለች። ይዘጋ አልሁ። ለጓድ የሽዋስ ምን እንበለው አለች።

"እህትሽ ወለደች በይው" አልኋት።

"እህት የለኝም፣ እትየ።"

"አለችሽ።"

ላቀው አስታማሚ ሆኖ አብሮን ይሄዳል። ሳልጠይቀው ነው ያለው። ሱቁ ነገ ዝግ ነው።